ስድስት ከረጢት ጦስኝ

ቢያዝን ያዕቆብ ስለ አንድ ትንሽ ቅጠል የሁለተኛ ዲግሪውን ጥናት ሊሠራ የተነሣው በሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት ነው። ቅጠሉ ጦስኝ ነው። ደሴ ውስጥ ጦስኝን የማያውቅ ቤት የለም፤ ሻይ ውስጥ ይጨመራል፣ ለሳልና ለጉንፋን ይፈላል። ነገር ግን ገበያ የሚወርዱ ሴቶች ሁሉ የሚያውቁትን፣ ማንም ግን በቅጡ ለክቶ ያልጻፈውን አንድ ነገር ቢያዝን ሊመረምር ፈለገ። አንድ ስም የተሸከመ ተክል በአንዱ ገደል ላይ አፍንጫ የሚሰነጥቅ፣ በሌላው ሜዳ ላይ ግን ከሣር የማይሻል የሚሆነው ለምንድን ነው?

ግምቱ ሁለት ወገን ነበረው። በአንድ ወገን ቦታው ራሱ ቅጠሉን ይቀርጸዋል፤ ከፍታው፣ ብርዱ፣ አፈሩ፣ ፀሐይ የምታርፍበት ሰዓት፣ የዘይቱን ዓይነትና መጠን ይለውጣሉ። በሌላው ወገን ደግሞ ገደልና ሸለቆ አንዱን ጦስኝ ከሌላው ለይተው ብዙ ዘመን ካቆዩት፣ ልዩነቱ ከቅጠል አልፎ ዘረመል ውስጥ ይገባል። እንዲህ ያለው ዘር ከስፍራው ከጠፋ በሌላ አይተካም። ቢያዝን ይህን ለመለየት ደሴ አቅራቢያ ካለችው ከኩታበር በላይ ያለውን ነጭ ገደል የተባለ ተራራ መረጠ። ተራራው ከላይ ነጣ ያለ ዐለት፣ ከታች ዋልካ የሚባለው ጥቁር፣ ውኃ የሚቋጥር አፈር ነው። በራሱ፣ በወገቡና በእግሩ፣ በምሥራቅና በምዕራብ ጎኑ፣ በጠቅላላው ስድስት ቦታዎችን ምልክት አደረገ።

ጥናቱን የሚጠባበቅ ሌላም ሰው ነበር። ጸጋው ኮምቦልቻ ውስጥ የሳል ሽሮፕ የሚያመርት አነስተኛ ፋብሪካ አለው። ለኩታበር ጦስኝ ለቃሚ ሴቶች ማኅበር ቃል የገባው እንዲህ ብሎ ነው፦ የነጭ ገደል ጦስኝ በእርግጥ ከሌላው የተለየ ሆኖ ከተገኘ ከእነርሱ ይገዛል፣ ተራራውም በማኅበሩ ይዞታ እንዲጸና ለወረዳው ይጽፋል፤ ልዩነት ከሌለው ግን በቦርከና ወንዝ ዳር ባለው መሬቱ ላይ ራሱ ያለማዋል። ወረዳው ደግሞ ተራራውን ለሌላ ነገር ይመኘው ነበር። በዚያ ሰሞን የደሴ መንገዶች ኮብልስቶን ይነጠፍባቸው ስለነበር፣ የነጭ ገደል ዐለት ለመፈለጥ የተመቸ መሆኑ ታውቆ ነበር። እንግዲህ ተራራው ለሴቶቹ ይቀር እንደሆነ፣ ወይም ተፈልጦ ያልቅ እንደሆነ፣ ነገሩ ሁሉ በስድስት ከረጢት ቅጠል ላይ ተንጠለጠለ። ሴቶቹ ይህን ያውቁ ነበር። ቢያዝንም ያውቅ ነበር።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ኡሙሰልማ ናቸው። ዕድሜያቸው ከአምሳ ያለፈ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከልጃቸው ከከሪማ ጋር ከገደሉ ሥር የሚኖሩ ሴት ነበሩ። ቢያዝን የጥናቱን ዓላማ ሊያስረዳ ቀበሌው አዳራሽ በመጣ ቀን፣ ንግግሩን እንደጨረሰ ከፊት ወንበር ተነሡ።

«ልጄ፣ ጦስኛችን ምን አጥፍቶ ነው የሚመረመረው?»

ሴቶቹ ሣቁ።

«አላጠፋም፣ እትዬ። ኃይሉ ሊለካ ነው።»

«ለኪው ማነው?»

«አዲስ አበባ ያለ ቤተ ሙከራ።»

«ፍርዱን የሚጽፈውስ?»

«እሱን እኔ ነኝ የምጽፈው።»

«እንግዲያው ዳኛ ፊት ሊቀርብ ነው በለኛ! አብሽር፣ ጦስኛችን አያሳፍርህም።»

ቢያዝንም አብሮ ሣቀ። ማስረዳት በሚገባው ስፍራ መሣቁ የመጀመሪያው ስንፍናው ነበር። ደካማውን ጦስኝ ከብርቱው እኩል እንደሚፈልገው፣ አንዱ ሳይኖር ሌላው ምንም እንደማይናገር፣ ለእነዚያ ሴቶች በአምስት ደቂቃ ሊነግራቸው ይችል ነበር፤ አልነገራቸውም።

ናሙናው የሚቆረጥበት ቀን በኅዳር ወር ሆነ። ቢያዝን ከጨርቅ የተሰፉ ስድስት ከረጢቶች ይዞ፣ በእያንዳንዱ ላይ የቦታውን ስምና ከፍታ በማይለቅ ቀለም ጽፎ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከኡሙሰልማ ቤት ደረሰ። ቁርስ ቀረበለት። ጉሙ እስኪገፈፍ ድረስ ቁጭ እንዳለ ስልኩ ጮኸ። እጮኛው ሊዲ ነበረች።

«የት ነህ?»

«ኩታበር። ተራራ ልወጣ ነው።»

«ዛሬ ስምንት ሰዓት ትምህርት አለን። ረሳኸው?»

የሁለቱ ቤተ ክርስቲያን የቅድመ ጋብቻ ትምህርት ያልጨረሱ ጥንዶችን አያጋባም። ቢያዝን ሁለት ጊዜ ቀርቶ ነበር።

«ሊዲ፣ ዛሬ እንኳ አንቺ ብቻሽን...»

«ብቻዬን ምኑን ልማር? ራሴን ላገባ ነው? ሦስተኛ ከቀረህ ሰርጉ ይገፋል ብለዋል። አባትህ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ስለሆኑ ሕጉ አይለወጥልህም። ከፈለግህ ከጦስኝህ ጋር ተጋባ!»

ስልኩ ተዘጋ። ቢያዝን ሰዓቱን አየ፣ ተራራውን አየ። ስድስቱን ቦታ ዞሮ ለመቁረጥ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ወደ ደሴ ለመመለስ ግን አሁኑኑ መነሣት ነበረበት። ከረጢቶቹን ለኡሙሰልማ ዘረጋላቸው።

«እትዬ፣ አስቸኳይ ነገር ገጠመኝ። ከየቦታው አንድ አንድ ከረጢት ይሙሉልኝ። ስማቸው ተጽፎባቸዋል፤ ከሪማ ታነብልዎታለች። አደራ፣ አትቀላቅሉ።»

«ኧረ ለዚህ ነው አደራ? ሂድ ልጄ፣ ነገ ከሪማ ኩታበር መናኸሪያ ትጠብቅሃለች።»

በዚያ ከሰዓት ትምህርቱ ባልና ሚስት እርስ በርስ እውነት ስለ መነጋገር ነበር። ቢያዝን በጥሞና አዳመጠ፤ ደብተሩ ላይም ጻፈ።

ነጭ ገደል ላይ ከጫፉ በታች ጠባብ እርከን አለ። የእንግዳ መደብ ይሉታል። ከእርሱ የሚቆረጠው ጦስኝ ከቶ አይሸጥም፤ ለቃሚዎቹም ራሳቸው ቢያማቸው እንኳ ከእርሱ አይነኩም። ደረቱን ያመመው መንገደኛ ወይም ከሩቅ የመጣ እንግዳ ቤታቸው ሲያድር ብቻ፣ አንዷ ቢስሚላህ ብላ ትወጣና ከዚያ ትቆርጥለታለች። ይህ ከእናቶቻቸው እናቶች የተቀበሉት ሥርዐት ነው። ቅጠሉ ደቃቅ፣ ግንዱ እንደ ሽቦ የጠነከረ፣ ሽታው ዓይን የሚያስነባ ነው።

እናትና ልጅ ከሰዓት በኋላ ወጡ። ከሪማ ወገቡ ላይ ስትደርስ ቆማ የመጀመሪያውን ከረጢት አነበበች፤ እናቷ ግን ሳይቆሙ ወደ ላይ አለፉ።

«እማ፣ የት ነው የምትሄጂው? ይኼ ‹ወገብ፣ ምሥራቅ› ነው የሚለው። ያ ደግሞ ‹ዋልካ ሜዳ›።»

«ይበል።»

«ከየቦታው ነው ያለው እኮ።»

«ከሪማ! የዋልካ ጦስኝ ለእንግዳ ልስጥ? አህያ ዞር ብሎ የማያየውን?»

«ሊጠጣው አይደለም፤ ሊመረምረው ነው።»

«እሱስ ይባስ! አንቺን ነገ ዳኛ ፊት ባቀርብሽ ቡትቶ አልብሼሽ ነው የምወስድሽ?»

«አትቀላቅሉ ብሏል።»

«ምኑን ቀላቀልኩት? ሁሉም ከእንግዳ መደብ ነው። ከዚህ የጠራ ከየት ይመጣል?»

ከሪማ አሥረኛ ክፍል ጨርሳለች። እናቷ እንደተሳሳቱ ገብቷታል፤ የስሕተቱ ጥልቀት ግን አልታያትም። ልክ ናቸው ብላ ሳይሆን እናቷ ስለሆኑ ዝም አለች። ስድስቱም ከረጢት ከአንድ እርከን ሞላ። ኡሙሰልማ ያንን ዕለት ሲወርዱ ደስተኛ ነበሩ፤ መልካም ሥራ የሠሩ መስሏቸው ነበር፤ ሥራውም በራሱ መልካም ነበር።

በማግሥቱ ቢያዝን ከረጢቶቹን ተቀብሎ በሚኒባስ ወደ ደሴ ሲወርድ፣ መኪናው ሙሉ ሸተተ። አንድ ሽማግሌ ከኋላ «ጦስኝ የጫነው ማነው? አላህ ይባርክህ፣ ጉንፋኔ እዚሁ ለቀቀኝ!» አሉ፤ ተሳፋሪው ሣቀ። ቢያዝን ኮራ።

ቤቱ ገብቶ ከረጢቶቹን ሲፈታ ግን ሁለት ነገር አስተዋለ። ስድስቱም ሽታቸው አንድ ነበር። «ዋልካ ሜዳ» ከተባለው ከረጢት ግርጌ ደግሞ ነጭ የድንጋይ ብናኝ ነበር። ዋልካ ጥቁር ነው። ጥቁር አፈር ላይ የበቀለ ቅጠል ነጭ ብናኝ ከየት ያመጣል? ቢያዝን ብናኙን በመዳፉ ይዞ ለጥቂት ጊዜ ቆመ። ቢመለስ አንድ ሳምንት ይጠፋበታል፤ ቤተ ሙከራው የሰጠው ቀጠሮም ያልፈዋል። ብናኙን በመስኮት አራገፈው። ከዚያ በኋላ በእርሱ ላይ የሆነው ሁሉ ከዚያ መስኮት ይጀምራል፤ ኡሙሰልማ የሠሩት ባለማወቅ ነው፣ እርሱ ግን አይቷል።

የቤተ ሙከራው ውጤት ሊሆን የሚገባውን ሆነ። የዘይቱ መጠን በስድስቱም አንድ፣ ሳል የሚያስታግሰው ታይሞል የተባለው ቅመምም አንድ፣ ዘረመሉም አንድ። አማካሪው ከተጠበቀው የተቃረነ ውጤት በማግኘቱ አመሰገነው። ቢያዝን በጥናቱ ሦስተኛ ምዕራፍ «ናሙናዎቹ በተመራማሪው እጅ ከየቦታቸው ተቆርጠዋል» ብሎ ጻፈ፤ በመጨረሻው ምዕራፍ ደግሞ «በጥናቱ አካባቢ ከፍታም ሆነ አፈር በተክሉ ላይ ጉልህ ልዩነት አላመጣም» ብሎ ደመደመ። ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር በመጀመሪያው ላይ የቆመ ነው፤ የመጀመሪያው ውሸት ነው። ተመረቀ። ደሴ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ በመምህርነት ተቀጠረ። አባቱ አቶ ያዕቆብ በጉባኤ ፊት ስለ ልጃቸው ጌታን አመሰገኑ።

ጸጋው ጥናቱን አንብቦ አንድ ቃል ብቻ ተናገረ፦ «ገላገለኝ።» በቦርከና ዳር ያለውን መሬት አሳረሰ። ወረዳውም በነጭ ገደል ላይ የድንጋይ ማምረቻ ለመክፈት ስብሰባ ጠራ።

ከስብሰባው ሁለት ሳምንት በፊት ኡሙሰልማና ከሪማ ወደ ደሴ ወርደው ኮሌጁ በር ላይ ቢያዝንን አገኙት። ባልደረቦቹ እንዳያዩት ወደ ፒያሳ፣ ከአንድ ሻይ ቤት የኋላ ክፍል ወሰዳቸው። ኡሙሰልማ ሻዩን ሳይነኩት ተናገሩ።

«ልጄ፣ ወረቀትህ ሁሉም አንድ ነው ይላል አሉ። እንዴት አንድ ይሆናል ብዬ ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ። ጥፋቱ የኔ ሆኖ አገኘሁት። ስድስቱንም ከረጢት የሞላሁት ከእንግዳ መደብ ነው።»

«ለምን?» አለ ቢያዝን፣ የሚያውቀውን እንደማያውቅ ሰው።

«እንግዳ አልነበርክ? ቤቴ ቁርስ የበላህ ሰው አልነበርክ? የዋልካውን ብልክልህ በየት በኩል ዓይንህን አየዋለሁ?»

«እኔ ነግሬያት ነበር» አለች ከሪማ። «አንተም ተራራው ላይ ብትውል ኖሮ፣ እሷንም እኔንም የሚያናግር ነገር አልነበረም።»

«አንቺ ዝም በይ።»

«ያኔ ዝም ብዬ ነው እማ እዚህ የደረስነው።»

ኡሙሰልማ ልጃቸውን ትተው ወደ እርሱ ዞሩ። «አሁን አንተው በእጅህ ቆርጠህ እንደገና አስመርምረው። ለሰዎቹም ንገራቸው። ስምህ እንዳይጎዳ በኔ አሳብበው፤ ያልተማረች ሴት አሳሳተችኝ በል። እኔ አልቀየምህም፤ ወላሂ አልቀየምህም።»

ይህ ከማንም ሊቀበለው የሚችለው ትልቁ ስጦታ ነበር፤ ሊጠቀምበት ግን አይችልም። በእርሳቸው ለማሳበብ መጀመሪያ ከረጢቱን የሞሉት እርሳቸው መሆናቸውን መናገር አለበት፤ ይህን ከተናገረ ሦስተኛው ምዕራፍ ይፈርሳል፤ እርሱ ከፈረሰ ዲግሪው፣ መምህርነቱ፣ የአባቱ የጉባኤ ምስጋናም አብረው ይፈርሳሉ። ሰርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

«እሺ እትዬ፣ አስተካክለዋለሁ» አለ።

«አውቄያለሁ! የሰው ልጅ ነው ብዬሽ አልነበረም?» አሉ ኡሙሰልማ ወደ ልጃቸው ዞረው። ሻዩን አሁን ጠጡት።

«ገና አላደረገውም፣ እማ» አለች ከሪማ።

ስብሰባው በወረዳው አዳራሽ ተደረገ። ቢያዝን እንደ ባለሙያ ተጠርቶ መድረክ ላይ ተቀመጠ። ሰብሳቢው የጥናቱን መደምደሚያ ጮክ ብሎ አነበበ፤ ጦስኙ ከየትም ሊገኝ የሚችል ስለሆነ ተራራው ለመቶ ወጣቶች ሥራ ቢውል ልማት መሆኑን አስረዳ። ኡሙሰልማ እጃቸውን አወጡ።

«ወረቀቱ ስሕተት አለበት። ጦስኙን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ሁሉንም የቆረጥኩት ከአንድ ቦታ ነው። ይኸው ልጁ አለ፤ ራሱ ይናገር።»

ሰብሳቢው ወደ ቢያዝን ዞረ።

«መምህር፣ ናሙናውን የቆረጠው ማነው? እዚህ ላይ ‹በተመራማሪው እጅ› ይላል።»

ቢያዝን ሁለተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጡትን የኮሌጁን ተወካይ አየ። ኡሙሰልማን አላየም።

«እኔ ራሴ ነኝ የቆረጥሁት» አለ።

«እትዬ፣ ሰሙ?» አለ ሰብሳቢው። «ማንኛችሁ ናችሁ እውነተኛው?»

ኡሙሰልማ እንደቆሙ ነበሩ። ሁሉም ጠበቃቸው። ቃል ቢጨምሩ፣ ኩታበር ሁሉ የሚያውቃቸው ሴት ናቸውና፣ ብዙ ሰው ያምናቸው ነበር። የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ትከሻቸው መለሱ።

«እሱ ቆረጥሁ ካለ ቆርጧል» አሉና ተቀመጡ።

ከሪማ ከመቀመጫዋ ዘላ ተነሣች። «ውሸት ነው! ተራራውን አልወጣም! ቁርሱን በልቶ ነው የሄደው!»

«እኅቴ፣ ትምህርትሽ ስንተኛ ክፍል ነው?»

«አሥረኛ።»

«እሱ ማስተርስ ነው» አለ ሰብሳቢው፤ አዳራሹ በሣቅ ተሞላ። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ ተባለ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ከሪማ መንገዱን ሁሉ አለቀሰች። «ለምን ዝም አልሽ? ለምን?»

«በደጄ ያስገባሁትን ሰው በሸንጎ ፊት ውሸታም ልበለው?»

«እሱ እኮ አንቺን አለሽ!»

«እሱ የራሱን አደረገ፤ እኔ የራሴን።»

ሰርጉ በቀኑ ተደረገ። ሊዲ በነጭ ቀሚሷ ስታምር፣ መዘምራኑ ሲዘምሩ፣ ነጭ ገደል ላይ የመጀመሪያው ዐለት በፈንጂ ተናደ። ቢያዝን ኮሌጁ ውስጥ የምርምር ዘዴ የተባለውን ትምህርት እንዲያስተምር ተመደበ። በየዓመቱ ለተማሪዎቹ «ናሙናችሁን በገዛ እጃችሁ ቁረጡ» ይላቸው ነበር፤ ትምህርቱ ትክክል ነበር። በፒያሳ ከሚያልፉት መንገዶች አንዱ ነጣ ያለ ኮብልስቶን ተነጠፈበት። ዝናብ ካጠበው በኋላ ድንጋዩ ይበልጥ ይነጣል። ሊዲ አካሄዱን አይታ፣ ታክሲ በሌለበት ቀን እንኳ በዚያ መንገድ የማይሄደው ለምን እንደሆነ ጠይቃው ነበር። ጫማዬን ያንሸራትተዋል አላት።

በሁለት ሺህ ሰባት ጸጋው ደወለለት። «ኮምቦልቻ ና። ዛሬ።»

ቢያዝን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዶ ቦርከና ዳር ሲደርስ፣ ጸጋው በእርሻው መካከል ቆሞ አገኘው። ጦስኙ ጉልበት ይደርሳል። ቅጠሉ ሰፊ፣ ግንዱ ውኃ የቋጠረ፣ መልኩ ለምለም ነበር።

«ያምራል አይደል?» አለ ጸጋው። «እሸው።»

ቢያዝን ቅጠሉን በጣቶቹ መካከል አሽቶ ወደ አፍንጫው አቀረበ። የእርጥብ ሣር ሽታ ነበር።

«ሙቀቱ ይሆናል...»

«ሙቀቱ? ከፍታ ለውጥ አያመጣም ያልክ አንተ አይደለህም? ወረቀትህን በቃሌ ይዤዋለሁ እኮ! ሽሮፑ ከየፋርማሲው ተመለሰብኝ። ዘይት የለውም አሉኝ። አስመረመርኩት፤ የለውም።»

«ችግኙን ከየት ነው ያመጣችሁት?»

«ከኩታበር መንገድ ዳር፣ መኪና ከሚቆምበት። ሁሉም አንድ ነው ተብሎ ተጽፎልኝ፣ ማን ሞኝ ገደል ይወጣል?»

ሁለቱም ጥፋት በቢያዝን እግር ሥር በቅሎ ነበር፤ ደካማው ዘር ተመርጦ፣ ያውም ወደ ማይስማማው ቆላ ወርዶ። አራት ዓመት ሙሉ ያላጠናው ጥናት መልሱን በእርሻ ሙሉ አቀረበለት።

«ስማኝ» አለ ጸጋው። «ከዚያው ከገደሉ፣ ከነሥሩ፣ አንድ ከረጢት አምጣልኝ። እዚህ ባይሆን ደጋ መሬት ተከራይቼ አራባዋለሁ። በዚህ ሳምንት ካላመጣህ፣ ዲግሪውን ለሰጡህ ሰዎች ይህን ጦስኝ በፖስታ እልክላቸዋለሁ። አሽትተው ይፍረዱ።»

በማግሥቱ ቢያዝን ኩታበር ወጣ። ነጭ ገደል የነበረበት ስፍራ ነጭ ጉድጓድ ሆኗል። ከሥሩ አረንጓዴ ውኃ ተጠራቅሟል። ጥሩው ዐለት ስላለቀ ወጣቶቹም ሥራቸውን ትተው ከተበተኑ ዓመት አልፏቸዋል። እርከኑ በየት በኩል እንደነበረ በዓይኑ ሊፈልግ ሞከረ፤ የሚታየው ግን ሰማይ ብቻ ነበር። ከታች ዋልካው ላይ ያለው ጦስኝ እንደ ድሮው ነው።

ኡሙሰልማ ከአጥራቸው ውስጥ ቆመው ሲመጣ አዩት። ጸጉራቸው ሙሉ በሙሉ ሸብቷል። ሰላምታውን መለሱ፤ ግባ ግን አላሉትም። በዚያ አገር ለማያውቁት መንገደኛ እንኳ የሚባለው ቃል ነበር።

«እትዬ፣ ከእንግዳ መደብ የተረፈ ሥር የለም?»

«ፈንጂው ሳይጀመር እኔና ከሪማ ሦስት ጉቶ ነቅለን ከጓሮ ተክለን ነበር። በመጀመሪያው ክረምት ዋልካው ውኃ አቁሮ ሁለቱን አበሰበሳቸው። አንዱ ዓመት ቆይቶ ደረቀ። ብርዱን አላገኘም፣ ድንጋዩን አላገኘም። ቦታውን ተሸክመን መውረድ አልቻልንም።»

«ሌላ ቦታስ? ሌላ ገደል ላይ እንዲህ ያለ የለም?»

«ጦስኝ ሞልቷል። እንዲህ ያለ አላየሁም። አንተ የተማርከው ይህን አልነበረም?»

«ከሪማ ደህና ናት?» አለ ቢያዝን።

«ጅዳ ናት። ሰው ቤት። ማኅበሩ ሲፈርስ ምን ትብላ?»

በአጥሩ ወዲያና ወዲህ ቆሙ። ቢያዝን አሁን እንኳ፣ ማንም በሌለበት፣ «በደልሁዎት» ማለት ይችል ነበር። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነበር።

«ባዶ እጄን ከተመለስኩ እንጀራዬ ይቋረጣል፣ እትዬ።»

ኡሙሰልማ ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ከረጢትህን አምጣው» አሉ።

በአጥሩ ላይ አቀበላቸው። መቆፈሪያ አንሥተው በጓሮው በር ወጡ፤ መንገዱን ተሻግረው መኪና ከሚቆምበት ከዋልካው ዳር በርከክ አሉ። ቢስሚላህ አላሉም። ጥቁር ጭቃ ያንጠለጠሉ ጉቶዎች እየነቀሉ ከረጢቱን እስከ አፉ ሞሉት፤ መልሰውም በአጥሩ ላይ ሰጡት።

«ይኸው። ያኔ ነውር መስሎኝ የከለከልኩህ።»

«እትዬ፣ ይኼ እኮ የዋልካ ነው።»

«ሁሉም አንድ ነው ብለህ የለ?» አሉ፤ ድምፃቸው ከፍ አላለም። «በል ደህና ግባ» ብለው ጀርባቸውን ሰጡት።

ሚኒባሱ ሞልቶ ነበር። ቢያዝን ከረጢቱን ጭኑ ላይ አድርጎ በመስኮቱ ዳር ተቀመጠ። ከኋላው ሁለት ነጋዴዎች ስለ በርበሬ ይከራከራሉ፤ ከፊቱ አንዲት እናት ልጇን ታስተኛለች። ማንም ጦስኝ የጫነው ማነው ብሎ አልጠየቀም። ደሴ እስኪደርሱ ድረስ ማንንም አልሸተተውም።

መናኸሪያ ወርዶ የኮምቦልቻውን መኪና ሲጠብቅ ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ። ከረጢቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ጭቃው ያልነካውን የጨርቅ ገጽ ፈልጎ፣ ተማሪዎቹ በሚያደንቁት ጥርት ያለ ጽሕፈት «ነጭ ገደል» ብሎ ጻፈበት፤ ከሥሩም ከፍታውን።